የሕክምና ትምህርት ዕድል ፍትሐዊነት፦ በጋሞ ዞን የሐኪሞች ሥልጠና ለምን ለእናቶች ሕይወት ወሳኝ ሆነ?

የሕክምና ትምህርት ፍትሐዊነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ነው። ጉዳዩ ግን ከተማሪው አልፎ ሕሙማንን በቀጥታ ይነካል። ማን ሐኪም ይሆናል፣ የት ይሠለጥናል፣ ከተመረቀ በኋላስ የት ያገለግላል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከወረዳ ከተማ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ በጭንቅ ሰዓት ባለሙያ የሚያገኝ መሆን አለመሆኑን ይወስናሉ። ይህ ጽሑፍ የጋሞ ዞንንና የአርባ ምንጭን ተሞክሮ መነሻ በማድረግ ፍትሐዊነት በሕክምና ትምህርት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ በማን ጥረት እንደተራመደ፣ እንዲሁም ተማሪዎችና ወላጆች በሕግ የተሰጣቸውን ዕድል እንዴት ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ ያብራራል።

የሥልጠናው ታሪካዊ አመጣጥ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች የሠለጠኑት ከአገር ውጭ ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ተወስደው በሕንድ አድገው የሕክምና ትምህርት የተማሩ ናቸው። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በአሜሪካ በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ተመርቀዋል። ሃዋርድ በዚያን ዘመን ለጥቁር ተማሪዎች በራቸውን ክፍት ካደረጉት ጥቂት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንዱ ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣው የፍሌክስነር ሪፖርት የሕክምና ትምህርትን ጥራት ለማሻሻል ታስቦ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ለጥቁር ተማሪዎች ከተቋቋሙት ሰባት ትምህርት ቤቶች አምስቱ ከሪፖርቱ በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት ተዘግተው ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ቀርተዋል። ይህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይሰጣል። የጥራት መመዘኛ ሲወጣ ማን ከበሩ ውጭ እንደሚቀር አብሮ ካልታየ፣ ጉዳቱ ለብዙ ትውልድ ይቆያል።

በአገር ውስጥ የጤና ባለሙያ ሥልጠና ትልቅ እርምጃ ያሳየው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲቋቋም ነው። ተቋሙ የተመሠረተው በደምቢያ ከተከሰተው አስከፊ የወባ ወረርሽኝ በኋላ ሲሆን፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት፣ በኤድንብራ የሠለጠኑት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነው ሐኪሞች በአገራቸው ምድር እንዲሠለጥኑ አድርገዋል። በኋላም በጅማ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም ተማሪዎች በማኅበረሰቡ መካከል ገብተው የሚማሩበትን ሥርዓት ዋነኛ መለያው አደረገ።

እነዚህ ሦስት ተቋማት የተለያየ መንገድ ቢከተሉም የመለሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ሕክምና ለሚያስፈልገው ሕዝብ ባለሙያው እንዴት ይቅረብ የሚለው ነው።

በጋሞ ዞን የጥያቄው ክብደት

የጋሞ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኝ ሲሆን፣ የዞኑ መቀመጫ አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ በቆላማው ስምጥ ሸለቆ ላይ ተመሥርታለች። ከከተማዋ በስተምዕራብ የሚታዩት ተራሮች ግን ወዲያው ወደ ደጋነት ይለወጣሉ፤ የጉጌ ተራራ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ የወባ ቆላና የውርጭ ደጋ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ርቀት በክረምት ወራት በእግርና በቃሬዛ ሲሄዱት የብዙ ሰዓት መንገድ ይሆናል።

ይህ የመልክዓ ምድር ሁኔታ በእናቶች ጤና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ በጥናት ተመዝግቧል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የወሊድ መዝገብ በመያዝ ባካሄዱት ሥራ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ለመንገድ አስቸጋሪ በሆነው በቦንኬ ወረዳ የእናቶች ሞት የተሻለ መንገድና አገልግሎት ካላቸው አጎራባች ወረዳዎች ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ምጥ የጠናባት እናት የሚያስፈልጋት በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ የሚችል እጅ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያና ደም ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ትልቅ ከተማ ብቻ ከተወሰነ፣ ለደጋው እናት እንደሌለ ይቆጠራል።

ባለሙያውን ወደ እናቲቱ ማቅረብ

ለዚህ ችግር በአካባቢው ምላሽ ከሰጡ የሕክምና መሪዎች መካከል በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ ጤና ፕሮፌሰር የሆኑት ሐኪም በርንት ሊንድትዮርን ይጠቀሳሉ። ፕሮፌሰሩ ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት በደቡብ ኢትዮጵያ የሠሩ ሲሆን፣ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በቀድሞው የጋሞ ጎፋ ዞን የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የተጀመረውን ሥራ መርተዋል።

የሥራው መነሻ አሳብ ቀላል ነበር። የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ለማፍራት ረጅም ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ ስፔሻሊስቱም ከሠለጠነ በኋላ በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ይቀራል። በአንጻሩ በዞኑ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ፣ አካባቢውንና ሕዝቡን የሚያውቁ የጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነበሩ። እነዚህ ባለሙያዎች በአርባ ምንጭ ሆስፒታል በድንገተኛ የማዋለድ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ፣ ከማደንዘዣ ባለሙያዎችና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች ጋር በቡድን ወደ ሥራ ቦታቸው ተመለሱ። ሥልጠናው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሙሉ ቡድን መሰጠቱ ቁልፍ ነጥብ ነው፤ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው በሌለበት ቀዶ ሐኪም ብቻውን ሊሠራ አይችልምና። ከዚህ ጎን ለጎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወሊድንና ሞትን እንዲመዘግቡ መደረጉ ለውጡን በአኃዝ ለመከታተል አስችሏል።

በተመሳሳይ ወቅት፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ ለሦስት ዓመት በማስተርስ ደረጃ የሚሠለጥኑበት መርሐ ግብር በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ይህም ቀደም ሲል ወደ ቀዶ ሕክምና ሙያ መግቢያ ያልነበራቸው፣ አብዛኛውን አገልግሎታቸውን በገጠር የሰጡ ባለሙያዎች የዕድገት በር እንዲያገኙ አድርጓል። ስለዚህ መርሐ ግብሩ በአንድ በኩል የሕሙማንን፣ በሌላ በኩል የባለሙያዎችን ፍትሐዊ ተጠቃሚነት ያገለግላል።

የአሠልጣኞች እጥረትም በዚሁ መንገድ ታይቷል። የሐዋሳ፣ የዲላ፣ የወላይታ ሶዶና የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በፈጠሩት የሕዝብ ጤና ትብብር፣ መምህራን ከሥራ ቦታቸው ሳይርቁ እስከ ዶክትሬት ደረጃ እንዲማሩና ምርምራቸውን በአካባቢያቸው ችግር ላይ እንዲያደርጉ ዕድል ተመቻችቷል።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እንደ ማሠልጠኛ ማዕከል

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ ተቋም ነው። በጊዜ ሂደት የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከፍቶ ሐኪሞችን፣ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና አዋላጆችን በማሠልጠን ላይ ይገኛል። የአርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል ለተማሪዎች የተግባር መማሪያ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል።

የሕክምና ትምህርት ቤት በዞን ከተማ መኖሩ የሚያስገኘው ጥቅም ከሕንፃ ያለፈ ነው። ተማሪው የሚያያቸው ሕሙማን የአካባቢው ሕሙማን ናቸው። በቆላው ወባን፣ በደጋው ባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ በኦቾሎ አካባቢ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የቆዳ ቁስል በዓይኑ አይቶ ይማራል። ዩኒቨርሲቲው ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ላይ የሚሠራ የምርምርና የሥልጠና ማዕከል ያለው መሆኑም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ በሽታዎች በአብዛኛው የሚያጠቁት ድሃ ቤተሰቦችን ነው፤ ስለሆነም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ተገቢውን ቦታ ማግኘታቸው በራሱ የፍትሐዊነት አንድ ገጽታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣውና በ2021 ባሻሻለው መመሪያ፣ የጤና ባለሙያዎችን በገጠር ለማቆየት ከሚረዱ እርምጃዎች መካከል የገጠር ተወላጅ ተማሪዎችን መቀበል፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከዋና ከተሞች ውጭ መክፈት፣ ተማሪዎች በገጠር የተግባር ልምምድ እንዲያደርጉ ማድረግና የትምህርት ድጋፍን ከአገልግሎት ግዴታ ጋር ማያያዝ ይገኙበታል። በኢትዮጵያም ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሴት ባለሙያዎችን ከራሳቸው አካባቢ መርጦ፣ አሠልጥኖ፣ ወደዚያው መልሶ የመመደብ መርሕን ተከትሏል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም ከገጠር የመጡ ተማሪዎችን በዲግሪ ደረጃ አሠልጥኖ ወደ መጡበት አካባቢ እንዲመለሱ ያደርጋል።

የሴቶች ተሳትፎና አመራር

በኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ዶክተር ዊዳድ ኪዳነ ማርያም ናቸው። እርሳቸው ወደ ሙያው ከገቡ በኋላም ለረጅም ጊዜ የሴት ሐኪሞች ቁጥር ጥቂት ሆኖ ቆይቷል። በቅርብ ጊዜ በአመራር ደረጃ የታየው ለውጥ ግን ጉልህ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ስፔሻሊስት የሆኑት ዶክተር ሊያ ታደሰ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅን በአመራርነት ካገለገሉ በኋላ፣ ከ2012 እስከ 2016 ዓ.ም. የጤና ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ከእርሳቸው በኋላ ኃላፊነቱን የተረከቡት ዶክተር መቅደስ ዳባም የማሕፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ናቸው።

የእነዚህ መሪዎች ምሳሌነት በጨንቻ ወይም በካምባ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለምትማር ተማሪ ትርጉም አለው። ሆኖም ምሳሌ ብቻውን በቂ አይደለም። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ያለዕድሜ ጋብቻና የትምህርት ቤት ርቀት ሴት ተማሪዎችን ገና ፈተና ላይ ሳይቀመጡ ከመንገድ ያስቀራሉ። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የሚሰጥ ድጋፍ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ በሚሰጥ ድጋፍ መታገዝ ይኖርበታል።

የሕግ መሠረቱ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች ከቆየው የልዩነት ታሪክ የተነሳ የደረሰባቸውን ጉዳት ለማረም በድጋፍ እርምጃዎች ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 89 ደግሞ በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም በቅበላና በትምህርት ሂደት ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች ጉዳይ ይመለከታል። ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ከታዳጊ አካባቢዎች የመጡ ተማሪዎች የዚህ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ናቸው። ድጋፉ ብቃትን የሚተካ አይደለም፤ ሁሉም ተማሪ የሚመረቀውና የሙያ ፈቃድ የሚያገኘው ተመሳሳይ የብቃት ምዘና አልፎ ነው።

ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

1. የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት መሠረታዊ መመዘኛ ሆኗል። ሕክምና ለማጥናት የሚፈልግ ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን አስቀድሞ መምረጥ ይኖርበታል።

2. የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጡ፣ ነገር ግን በየዓመቱ የሚወሰነውን መቁረጫ ነጥብ ያሟሉ ተማሪዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትለው ምዘናውን ካለፉ ወደ መጀመሪያ ዓመት መግባት የሚችሉበት አሠራር ተዘርግቷል። መቁረጫው በየዓመቱ ሊለያይ ስለሚችል የትምህርት ሚኒስቴርን ማስታወቂያ መከታተል ያስፈልጋል።

3. የትምህርት ክፍል ምርጫ፦ ተማሪዎች ወደ ሕክምና የሚመደቡት የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ነው። በዚህ ዓመት የሚመዘገብ ውጤት ምርጫውን ስለሚወስን፣ ከሩቅ አካባቢ የመጣ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን የማጠናከሪያ ትምህርትና የምክር አገልግሎት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ቢጠቀም ይመከራል።

4. የወጪ መጋራት፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ መርሐ ግብር የሚማር ተማሪ በወጪ መጋራት ሥርዓት ውል ገብቶ መማር ይችላል። ክፍያው ተማሪው ተመርቆ ገቢ ማግኘት ከጀመረ በኋላ የሚፈጸም በመሆኑ፣ የቤተሰብ የገንዘብ አቅም ማነስ ሕክምናን ላለመምረጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

5. የአካል ጉዳት ማስረጃ፦ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ተማሪ ከጤና ተቋም የተሰጠ ማስረጃውን በፈተና ምዝገባ ወቅት ማቅረብ አለበት። ከምደባ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ለመስተናገድ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል።

6. በሥራ ላይ ላሉ የጤና ባለሙያዎች፦ ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና መኮንኖች ሙያቸውን የሚያሳድጉባቸው መርሐ ግብሮች አሉ። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ባለሙያዎች ተቀብሎ ሐኪም እንዲሆኑ ያሠለጠነ ነበር። ባለሙያዎች ወቅታዊ የሥልጠና ማስታወቂያዎችን በወረዳቸውና በዞናቸው ጤና መምሪያ በኩል ማረጋገጥ ይችላሉ።

ገና መፍትሔ የሚሹ ጉዳዮች

በፍትሐዊነት ረገድ የተገኘው ውጤት እንዳለ ሆኖ፣ ቀሪው ሥራ ከባድ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ደርሰዋል። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቤተ ሙከራና የተሟላ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት የሚማር ተማሪ ተሰጥኦ ቢኖረውም እንኳ ከሕክምና ትምህርት በር አይደርስም። ስለሆነም የሐኪሞችን ስብጥር የሚወስነው ዋነኛው ቦታ የገጠሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማኅበራዊ መገለል ነው። በጋሞ ደጋማ አካባቢዎች በሸክላ ሥራና በቆዳ ማልፋት የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ለዘመናት በጋብቻ፣ በመሬትና በማኅበራዊ ኑሮ ተለይተው እንዲኖሩ ተደርገዋል። የእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች በትምህርት ቤት በእኩልነት መስተናገዳቸው፣ በጤና ተቋምም በአክብሮት መታከማቸው የሕግ ግዴታ ነው። በጋሞ ባህል ጠብ በዱቡሻ ተመክሮበት በዕርቅ እንደሚፈታ ይታወቃል፤ ይኸው ሥርዓት መገለልን ለማስቀረትም ጉልበት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በደጋው የሚኖሩ አረጋውያንና እናቶች ሕመማቸውን በሚገባ የሚገልጹት በጋሞኛ ነው። ሐኪሙ ቋንቋውን የማያውቅ ከሆነ የሕመሙ ታሪክ በአስተርጓሚ በኩል እየተቆራረጠ ይደርሰዋል፤ ሕመምተኛውም በሰው ፊት ሊናገረው የማይወደውን ይደብቃል። ከአካባቢው የወጣ ባለሙያ መኖሩ ለትክክለኛ ምርመራ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ጉዳይ ቅጥርና ማቆያ ነው። በኢትዮጵያ የሐኪሞች ቁጥር ለ10,000 ሰው አንድ ገደማ በሆነበት ሁኔታ፣ በቅርብ ዓመታት የተመረቁ ሐኪሞች ምደባ ለማግኘት የሚጠብቁበት ጊዜ ታይቷል። ምክንያቱ የባለሙያ መትረፍ ሳይሆን የክልሎችና የወረዳዎች በጀት ቅጥሩን መሸከም አለመቻሉ ነው። የመኖሪያ ቤት፣ የመብራት፣ የውኃና የሙያ ዕድገት ዋስትና በሌለበትም የተቀጠረው ባለሙያ አይቆይም። ሥልጠናውን ፍትሐዊ ማድረግ ከቅጥርና ከማቆያ ጋር ካልተያያዘ ውጤቱ ወደ እናቲቱ ደጅ አይደርስም።

ከወላጆች፣ ከትምህርት ቤቶችና ከኅብረተሰቡ የሚጠበቅ

ወላጆች ለሳይንስ ትምህርት ዝንባሌ ያላቸውን ልጆቻቸውን፣ በተለይም ሴት ልጆቻቸውን፣ ከቤት ሥራ ጫና አላቅቀው የጥናት ጊዜ እንዲኖራቸው ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ትምህርት ቤቶች የመስክ ምርጫና የልዩ ድጋፍ መረጃዎችን ከ11ኛ ክፍል በፊት ለተማሪዎች ቢያስታውቁ፣ ብዙ ተማሪዎች ዕድላቸውን ባለማወቅ ከማጣት ይድናሉ። በየሆስፒታሉ የሚሠሩ ሐኪሞችና የጤና መኮንኖችም በአቅራቢያቸው ባሉ ትምህርት ቤቶች ተገኝተው ስለ ሙያው ቢያስረዱ፣ ለተማሪዎች ሩቅ የሚመስለው ግብ የሚደረስበት መሆኑ ይታያቸዋል።

ነፍሰ ጡር እናቶችና ቤተሰቦቻቸው በበኩላቸው የቅድመ ወሊድ ክትትልን በወቅቱ መጀመር፣ ከመንገድ ርቀው የሚኖሩም የመውለጃ ጊዜያቸው ሲቃረብ በጤና ተቋማት በሚገኙ የእናቶች ማቆያዎች መቆየት ይገባቸዋል። በአቅራቢያቸው ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ የማዋለድ ቀዶ ሕክምና መሰጠት አለመሰጠቱንም ከቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቀድመው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በትምህርት ቅበላና በልዩ ድጋፍ ላይ ቅሬታ ያለው ተማሪ ጥያቄውን በመጀመሪያ ለተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር፣ ቀጥሎም ለትምህርት ሚኒስቴር በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። በጤና ተቋም የተሰጠ አገልግሎትን የሚመለከት ቅሬታ ደግሞ በተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል፣ ከዚያም በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና በዞኑ ጤና መምሪያ በኩል ይስተናገዳል።